ምርጡን አውራ ማን ያቆየው? የኢሉባቦር የበግ ርቢ ዳሰሳ

ለእንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መቱ ገበያ በግ ተራ ግቡና የገዢን እጅ በዓይናችሁ ተከተሉ። እጁ መጀመሪያ ወገብ ላይ ያርፋል፤ አከርካሪው በሥጋ መሸፈኑን በአውራ ጣት ተጭኖ ያረጋግጣል። ከዚያ ወደ ላቱ ይወርድና ከሥር ደግፎ እንደሚመዝን ሰው ከፍ ያደርገዋል። በመጨረሻ ከንፈር ገልጦ ጥርስ ያያል። ይህን ፈተና ያለፈ ጠቦት፣ በተለይ መልኩ ቀይ ዳማ ወይም ቡላ ከሆነ፣ ረፋድ ሳይሆን ተሽጧል። እስከ ቀትር የሚቆሙት ደረታቸው የጠበበ፣ ላታቸው የሳሳ፣ ጠጉራቸው የጠቆረ ናቸው። ገዢ ያጣው ባለቤት ጠቦቱን በገመድ እየጎተተ ወደ ቀዬው ይመልሰዋል።

ክረምቱ ወጥቶ በጎቹ ከችካል ሲፈቱ የመንደሩን ሴት በጎች የሚያጠቃው ይህ ተመላሽ ጠቦት ነው።

በትንሽ ማሳ፣ ብዙ መኖና መድኃኒት ሳይገዛ ራሱን የሚችል የበግ መንጋ በኢሉባቦር እንዴት ይረባል ለሚለው ጥያቄ ባለፉት 60 ዓመታት የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። የውጭ ዘር እናምጣ የተባለበት ጊዜ አለ። መኖ እናብቅል፣ መድኃኒት እናድርስ የተባለበትም አለ። እነዚህን መልሶች እዚህ ላይ አንድ በአንድ እንያቸው። የእኔ ሐሳብ ግን ከመነሻው ይታወቅ፦ ጠንካራው በግ አሁንም በእጃችን ነው። የጎደለን ምርጡን አውራ ከቢላና ከገበያ የሚያስቀር ስምምነት ነው። በየበዓሉ ምርጡን እየሸጥንና እየበላን፣ ገበያ የናቀውን እያስረባን፣ መንጋው ለምን እየደቀቀ ሄደ ብለን ዝናቡንና ግጦሹን እንወቅሳለን።

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በበደሌ ዙሪያ የሚታየው በግ በአብዛኛው የሆሮ በግ ነው። ስሙን ያገኘው ከሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ይሁን እንጂ አገሩ ሰፊ ነው፤ ወለጋን፣ ኢሉባቦርን፣ ጅማንና የምዕራብ ሸዋን ክፍል ያካልላል። ዶ/ር ሰለሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 በኔዘርላንድስ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በተለምዶ በየስማቸው የሚጠሩትን 14 የኢትዮጵያ የበግ ዓይነቶች በ9 ዝርያዎች መድበዋቸዋል። ሆሮ ከጎረቤቱ ከቦንጋ በግ ጋር ባለ ረጅም ላት ከሚባሉት ወገን ነው። ወንዱም ሴቷም ብዙውን ጊዜ ቀንድ የላቸውም። ጠጉራቸው አጭርና ልሙጥ ነው። ሴቷ መንታ በመውለድ ትታወቃለች። ሲወለድ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው ግልገል እናቱ ወተት ካላት ፈጥኖ ያድጋል።

ይህ አጭር ጠጉር እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። በሀብታም አገሮች በጥቂት ጉልበት የሚያዝ በግ የፈለጉ ገበሬዎች ሕይወታቸውን የሰጡት ሱፉን ለማስወገድ ነው። ማይክል ፒል የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ከካሪቢያን ደሴቶች ጠጉራም በጎች አስመጥተው፣ ለዓመታት አዳቅለው ካታዲን የተባለውን ዝርያ አወጡ። ዌልስ ውስጥ ደግሞ አዮሎ ኦወን በ1960ዎቹ ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ‹ኢዚኬር› የሚባለውን በግ ለገበሬው አደረሱ። ሁለቱም የፈለጉት ሸላች የማይሻ፣ አዋላጅ የማይጠይቅ፣ በሣር ብቻ የሚያድግ በግ ነበር። የኢሉባቦር ገበሬ የዚህን ግማሽ ካያቶቹ ወርሶታል። ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም መዝግቦ መምረጥን፣ ግን እነሱ አደረጉት፤ እኛ ገና አልጀመርነውም።

‹ጠንካራ በግ› ሲባል ጥንካሬው ለምኑ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አፋር ላይ ጥንካሬ ጥም ችሎ ሩቅ መሄድ ነው። መንዝ ላይ ውርጭ መቻል ነው። ኢሉባቦር ላይ ፈተናው እርጥበት ነው። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ከሚወርድባቸው የሀገራችን ከተሞች አንዷ ናት፤ ዝናቡም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት አያፋታም። በእነዚህ ወራት ማሳው ሁሉ በቆሎና ማሽላ ስለሚሆን በጉ በመንገድ ዳርና በጓሮ ጫፍ በገመድ ይታሰራል። እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ አፉ እርጥብ ሣር ላይ፣ ሆዱ ትል ውስጥ ነው። ሰዉ ‹ሣሩ ለምለም ሆኖ ሳለ በጉ ለምን ከሳ?› ሲል መልሱ ያለው እዚያው ለምለሙ ውስጥ ነው።

ጥንካሬ ከአገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁለት ምርምሮች በግልጽ ያሳያሉ። አንዱ የእኛው ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደብረ ብርሃን ላይ የሆሮና የመንዝ በጎችን ጎን ለጎን አርብቶ ነበር። ሆሮዎቹ መንታ በመውለድ ቢበልጡም ግልገሎቻቸው ከመንዞቹ ይልቅ አብዝተው ስለሞቱ፣ በመጨረሻ በእናት ሲሰላ ያተረፈው መንዝ ሆነ። የምዕራቡ በግ በሰሜን ሸዋ ብርድ ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለተኛው የኬንያ ነው። በኬንያ ጠረፍ ዲያኒ ቢች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 ቀይ ማሳይ የሚባለው ያገሬው በግ ከደቡብ አፍሪካው ዶርፐር ጋር ተነጻጸረ። ዶርፐሩ ግዙፍና የገበያ ዓይን የሚስብ ነው። በዚያ ሞቃትና እርጥብ ምድር ግን የጨጓራ ትል ጨረሰው፤ ትሉን የተቋቋመውና ብዙ ግልገል ያሳደገው ቀይ ማሳይ ነው። ደረቅ በሆነው የኬንያ ክፍል ልዩነቱ ጠቧል። መቱ ላይ ሆኖ ዶርፐር የሚመኝ ሰው የዲያኒን ምድር ከራሱ ምድር ጋር አስተያይቶ ይወስን።

ከውጭ አውራ የማምጣት ልምዳችን ረጅም ነው። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ኮሪዴል፣ ሃምፕሻየር፣ ሮምኒ የመሳሰሉት በየጊዜው መጥተዋል። አዋሲ ከእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1980 መጣ። ዶርፐር ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ይካሄድ በነበረው የበግና ፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 ከደቡብ አፍሪካ ገባ። ከእነዚህ መካከል የሠራ የለም ማለት አይቻልም። በሰሜን ሸዋ የአዋሲና የመንዝ ድቅል መኖና ተንከባካቢ ባለበት ቤት ጥሩ ገቢ አስገኝቷል። ሆኖም ማዕከላቱ ማዲ ቪስና በተባለ፣ ቀስ ብሎ ሳንባ በሚጨርስ የቫይረስ በሽታ ተጠቅተው የአውራ ስርጭቱ ተስተጓጉሏል። ድቅሉም ገበሬው እጅ ከደረሰ በኋላ ተተኪ አውራ ሳያገኝ ሁለትና ሦስት ትውልድ ሳይሞላ ደሙ በመንደሩ መንጋ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። የማዕከል መንጋ ጥቂት ሺህ ነው፤ የሀገሪቱ በግ ግን ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። በማንኪያ እየጨለፉ ሐይቅ ማጣፈጥ አይቻልም።

ባኮ ላይ የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሆሮ በግን ራሱን መንጋ አድርጎ ይዞ፣ ልደቱን፣ ክብደቱንና ሞቱን መዝግቧል። ዶ/ር ሰለሞን አበጋዝን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ከዚያ መዝገብ ብዙ አውጥተዋል። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ግኝት የግልገል ሞት ነው። ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ግልገሉ ጡት ሳይተው ነው። ሆሮ መንታ ይወልዳል ብለን እንኮራለን፤ ከመንታው አንዱ ከሞተ ግን እናቲቱ የሁለት ጽንስ ሸክም ተሸክማ የአንድ ፍሬ ሰጠች። ስለዚህ ጥሩ እናት በግ የምትለካው ስንት ወለደች ተብሎ አይደለም። ሦስት ወር ሞልቶት ጡት የተወ ግልገል ስንት አስረከበች ተብሎ ነው። ለዚህ ያንድ ልጅ ደብተር ይበቃል፦ የእናቲቱ መልክ ወይም የጆሮ ምልክት፣ የወለደችበት ቀን፣ የወለደችው ብዛት፣ ጡት ያስጣለችው ብዛት። ሁለት ወሊድ ከተመዘገበ በኋላ የትኛዋ እንደምትቀር፣ የትኛዋ ለመስቀል እንደምትታረድ ክርክር አይኖርም።

ዛሬ በኢትዮጵያ የበግ ርቢ ውስጥ እጅግ ተስፋ የሚሰጠው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ)፣ ኢልሪ፣ የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የሀገራችን የምርምር ማዕከላት ተባብረው በአራት ሥፍራ፣ በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር፣ የርቢውን ሥልጣን ለመንደሩ ሰጡት። የውጭ ዘር አልመጣም። ግልገሎች ሲወለዱ፣ ሦስት ወርና ስድስት ወር ሲሞላቸው ይመዘናሉ። በየጊዜው ከመንደሩ ጠቦቶች ብልጫ ያላቸው በመዝገብ ይለዩና ይሰበሰባሉ። ከዚያ የገበሬዎች ኮሚቴ ቁመታቸውን፣ ላታቸውን፣ መልካቸውንና የእናታቸውን ታሪክ አይቶ አውራ የሚሆኑትን ይመርጣል። የተመረጠው ከባለቤቱ በተዘዋዋሪ ገንዘብ ይገዛና ለመንደሩ የጋራ ይሆናል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። ሆሮ ላይ ዶ/ር ገመዳ ዱጉማ፣ በጠቅላላው ሥራ ደግሞ ዶ/ር አይናለም ኃይሌ ብዙ የደከሙ ሰዎች ናቸው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ውጤቱ ተሰላ። የስድስት ወር ግልገል ክብደት በዘር ብልጫ ብቻ በየዓመቱ ቦንጋ ላይ በ210 ግራም፣ ሆሮ ላይ በ180 ግራም፣ መንዝ ላይ በ110 ግራም ጨምሯል። 180 ግራም የአንድ ሰው ቁርስ ጥሬ ሥጋ አይሞላም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን መኖ በልቶ የሚያልቅ ጭማሪ አይደለም፤ በደም ውስጥ የሚቀመጥ ነው። በአሥር ዓመት ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ ለልጅ ልጅም ይተላለፋል። የቦንጋዎቹ ማኅበራት ዛሬ አውራ በግ ለሌላ አካባቢ የሚሸጡ ሆነዋል። ከመጀመሪያዎቹ አራት ሥፍራዎች ውስጥ ኢሉባቦር የለችበትም። በደቡብ በኩል የካፋ ምድር፣ በሰሜን በኩል የሆሮ ምድር እየሠራ፣ መሐል ላይ ያለችው ኢሉባቦር ተመልካች መሆኗ ያሳዝነኛል።

የመንደር ስምምነቱ ከክብደት ሌላ የሚፈታው ችግር አለ፤ እሱም የዘመዳሞች ርቢ ነው። ስምንት ሴት በጎች ያሉት አንድ ቤት፣ አውራውን ከዚያው ከተወለዱት እየተካ ቢቀጥል፣ የዝምድናው መጠን በየትውልዱ በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 20 አውራና 400 ሴት በጎች ያሉት መንደር አውራዎቹን እየተለዋወጠ ቢያረባ ግን ጭማሪው በየትውልዱ 1 በመቶ አይሞላም። በመጀመሪያው ቤት የሚታየው ይታወቃል፦ ሲወለድ የሚያንስ፣ ለመጥባት የሚሰንፍ፣ በሳል የሚሞት ግልገል። ሰው ቡዳ በላው ይላል፤ አባቱ አያቱም ሆኖ ነው። አንድ አውራ ከ20 እስከ 30 ሴት በግ ያገለግላል። ለአንድ ቤት ብቻ ሲውል ይባክናል፤ በአንድ መንደር ከሁለት ዓመት በላይ ሲቆይ ደግሞ የራሱን ልጆች ያጠቃል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ወንዝ ተሻግሮ ከሌላ መንደር አውራ ጋር መለዋወጥ አለበት።

እንግዲህ የነገሩ ጭንቅ እዚህ ላይ ነው። አውራው የጋራ ከሆነ በማን ቤት ያድራል? ጅብ ቢበላው፣ ሌባ ቢወስደው ማን ይከፍላል? ለእንቁጣጣሽ ልጅ ደብተርና ልብስ ሲፈልግ፣ ያንን ወገበ ሰፊ ጠቦት አትሽጥ ብሎ የሚይዘው ማነው? ገበሬው ምርጡን የሚሸጠው ስለማያውቅ አይደለም። የቡና ገንዘብ ከመድረሱ በፊት፣ ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ቤቱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚሆን ያ ጠቦት ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ሳይረዳ ‹ምርጡን አቆዩ› የሚል መካሪ ሁሉ ለነፋስ ይናገራል። ባለቤቱ የገበያ ዋጋውን ያኔውኑ ማግኘት አለበት። ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሞተ ሰው ድንኳንና ንፍሮ የሚያዋጣ ዕድር፣ ለቡና ለቀማ ደቦ የሚጠራ ሕዝብ፣ ሠላሳ ቤት ሆኖ አንድ ጠቦት መግዛት አያቅተውም። ገንዘቡ በሠላሳ ሲካፈል ትንሽ ነው። የሚያሳድረው ቤት ፍግ ያገኛል፤ ጅብ ከበላው ኪሳራው የሠላሳው ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንዲሉ፣ አውራው አንድ ስለሆነ ሌሊት ዳስ ሥር ሳይሆን ከሰው ጋር ከቤት ያድራል።

የስምምነቱ ሌላው ግማሽ ማኮላሸት ነው። ምርጡ አውራ ተገዝቶ ሳለ ተመላሾቹ ጠቦቶች በየመንገዱ ከተፈቱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ጠቦት ከአምስትና ስድስት ወሩ ጀምሮ ማጥቃት ይችላልና። ለእጩነት ያልተመረጠው ሁሉ አራት ወር ሳይሞላው ቡርዲዞ በሚባለው፣ ሳይቆርጥ በሚያኮላሽ መቆንጠጫ ይኮላሽ። ሙክት ደግሞ ስቡ ለገበያም ይጠቅማል፤ ባለቤቱን አይጎዳውም።

አሁን ወደ ትሉ እንመለስ፤ በእርጥብ አገር ከዘር ቀጥሎ መንጋውን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው እሱ ነው። የጨጓራ ትል ደም ይመጥጣል። በፋንድያው የወጣው እንቁላል በሞቃትና እርጥብ ወቅት ሳምንት ሳይሞላ እጭ ሆኖ በጤዛው ተሳፍሮ ሣር ጫፍ ላይ ይወጣል። አንድ ችካል ላይ ሳምንቱን ሙሉ የታሰረ በግ የራሱን ትል መልሶ ይበላል ማለት ነው። ቶንጋ በምትባል የፓሲፊክ ደሴት ሀገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሞከረ ዘዴ አለ፤ ፍየሎቹን በአሥር ክልል አከፋፍለው በየሦስት ቀን ተኩሉ እያዛወሩ አሰማሯቸው። ወደ መጀመሪያው ክልል ሲመለሱ ከወር በላይ ስለሚሆን አብዛኛው እጭ በሙቀቱ ሞቶ ይጠብቃቸዋል። ይህ ለመቱ ጓሮ አሥር ችካል ማለት ነው፤ አጥርም ሽቦም አይሻም። አሥር ቦታ ችካል ትከሉ፤ በየሦስት ቀን ተኩሉ ገመዱን ወደሚቀጥለው አዛውሩ፤ ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ በጎቹን አታውጡ።

መድኃኒቱን ደግሞ ሁሉንም እኩል መጋት ስህተት ነው፤ ትሉን መድኃኒት ያስለምደዋል፤ ደካማውን ከጠንካራው ጋር ያመሳስለዋል። ደቡብ አፍሪካውያን ያወጡት ፋማቻ የተባለ ዘዴ ጥሩ ነው። ምንም መሣሪያ አይፈልግም ማለት ይቻላል። በጉን በጉልበታችሁ መሐል ያዙት። በአንድ እጅ አውራ ጣት የላይኛውን ሽፋን ወደ ዓይኑ ኳስ በቀስታ ተጫኑ፤ በሌላው እጅ አውራ ጣት የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ሳቡ። ውስጡ እንደ በሰለ ቲማቲም ከቀላ ደሙ ሙሉ ነው፤ አትንኩት። ሮዝ ሆኖ ከደበዘዘ ከሳምንት በኋላ ዳግም እዩት። እንደ ወረቀት ከነጣ ያን ቀን አልቤንዳዞል ወይም ሐኪሙ ያዘዘው ይሰጠው። ክረምቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ እየታየ ዓይኑ ሳይነጣ የሚወጣ በግ እሱ ነው የኢሉባቦር በግ። ስሙ በደብተሩ ላይ ይሰመርበት። በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ መድኃኒት የምትጠጣው እናት ምንም መልከ መልካም ብትሆን ሴት ልጇ ለርቢ አትቀር። ጥንካሬ የሚዳብረው እንዲህ ነው፤ ሁሉን በመድኃኒት ደግፎ አይደለም።

የጉበት ትል የጨፌ ነገር ነው። የኢሉባቦር ጨፌዎች የአካባቢው ሕይወት ናቸው፤ ውኃውም ለቤት ጉዝጓዝ የሚሆነው ሣሩም ከዚያ ነው። ትሉ ግን የሚያድገው በጨፌው ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከእሱ ወጥቶ በውኃው ጠርዝ ሣር ላይ ይጣበቃል። አደገኛው ጊዜ ዝናቡ ቆሞ ውኃው ሲሸሽ፣ ተዳፋቱ ደርቆ ለምለሙ ጨፌ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ነው። ረሃቡ በጉን ወደዚያ ይነዳዋል። ላሟን ጨፌ ማሰማራት ካልቀረ፣ በጎቹ እንኳ ተዳፋቱ ላይ ይቆዩ፤ የጨፌ ሣር ታጭዶ በፀሐይ በደንብ ደርቆ ይሰጣቸው። ከዚያ በኋላ አገጩ ሥር ውኃ የቋጠረ በግ ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ለጉበት ትል የሚሆነው መድኃኒት ከተራው የትል መድኃኒት ይለያል።

ስለ መኖ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ጥቂት ወጪ ማለት ግን ምንም አለመስጠት አይደለም። ጽንሱ ከክብደቱ አብዛኛውን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ ያኔ ለእናቲቱ የስኳር ድንች ሐረግ፣ ሰስባንያ፣ ከተገኘም አንድ እፍኝ የኑግ ፋጉሎ ቢሰጣት ወተቷ ይሞላል፤ መንታዋም ይተርፋል። ግልገሉ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እንገር ካላገኘ ምንም ዓይነት ዘር አያድነውም። ማደሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ በባሕር ዛፍ አጠና የተረበረበ ቆጥ ቢሆን ሽንቱና ፋንድያው ይወርዳል፤ ሳሉና የሸኾናው መበስበስ ይቀንሳል፤ ፍጉም ለእንሰቱ ሥር ይሰበሰባል። ለጎሮርሳ፣ ለበግ ፈንጣጣና ለበጎችና ፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ይኑር፤ በዚህ ላይ ዘር ምርጫ አይተካውም። ደስታ መሰል በሽታን ከዓለም ለማጥፋት የተያዘው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2030 ነው።

ሌላ የሚያከራክር ጉዳይ የወሊዱ ወቅት ነው። በግ አምስት ወር ትሸከማለች፤ በእኛ አገር በማንኛውም ወቅት ትጠቃለች። አውራው ሰኔ ላይ ቢለቀቅ ግልገል ኅዳር ላይ ይወርዳል። መጽሐፍ ላይ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፤ ትሉ ቀንሷል፤ የማሳ ቃርሚያ አለ። በኢሉባቦር ግን ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ልጁም አዋቂውም ጫካ ነው፤ የምትወልደውን በግ የሚያይ፣ እንገር የሚያጠባ ሰው የለም። እኔ ሐምሌና ነሐሴን እመርጣለሁ። ግልገሉ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ይወለዳል፤ ዝናቡ ሳይጀምር ጡት ይተዋል፤ ለእንቁጣጣሽ ስምንትና ዘጠኝ ወሩ ነው። ይህ የሚሆነው ግን አውራው በሥርዓት የሚያዝ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ወደ ስምምነቱ ይመጣል።

የቦንጋ አውራ እናምጣ የሚሉ አሉ። ሐሳቡን አልጠላውም። ቦንጋ ጎረቤት ነው፤ አየሩም እርጥብ ነው፤ ማኅበራቱ መዝገብ አላቸው። ቢሆንም ቅድሚያ ለራሳችን እንስጥ እላለሁ። ምርጫ በሌለበት መንደር የገባ የቦንጋ አውራ፣ ሁለተኛው ትውልድ ላይ ልጁ እንደ ሌላው ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ይባክናል። መጀመሪያ ደብተሩና ኮሚቴው ይኑር፤ ከዚያ የቦንጋው ከሆሮው ጋር ጎን ለጎን ይመዘን፤ የዓይኑ ሽፋንም ይታይ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው እውቀት ሩቅ አይደለም። የመቱ ዩኒቨርሲቲ በደሌ ላይ የግብርና ትምህርት ይሰጣል። በደሌ ላይ የምዕራቡን ክፍል የሚያገለግል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ባኮ የአርባ ዓመት መዝገብ አለው። ለመጀመሪያው ሥራ የሚያስፈልገው የተንጠልጣይ ሚዛን፣ ቡርዲዞና አንድ ደብተር ነው።

በኢሉባቦር ዕድር ያላችሁ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ከመንደራችሁ ጠቦቶች መካከል ወገቡ የሰፋ፣ ክረምቱን ዓይኑ ያልነጣ፣ እናቱ መንታ ያሳደገች አንድ ጠቦት ምረጡ፤ ለባለቤቱ የገበያ ዋጋውን አዋጥታችሁ ክፈሉት፤ ሌሎቹን አኮላሹ። ሐምሌ ላይ የተለቀቀ አውራ የመጀመሪያ ልጆቹን ታኅሣሥ ላይ ያሳያችኋል።